ከዲጄ ወደ ባንድ፦ ጭፈራው ሳይቆም መሸጋገር

ኤሌክትሮኒክ፣ ሶልና ጃዝ በአንድ ምሽት በቀጥታ ሲቀርቡ ከባዱ ነገር ዲጄውም ባንዱም አይደለም፤ አንዱ ለሌላው የሚያስረክብባት ደቂቃ ናት። እዚያ ላይ ዝምታ ከገባ የሞቀው ሰው ይበርዳል፤ መልሶ ማሞቅ ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል። ስለዚህ ሌላውን ዝግጅት ሁሉ ለዚህች ደቂቃ ብላችሁ ሥሩት።

የባንዱ ዕቃ ሰው ከመግባቱ በፊት ተገጣጥሞ ይለቅ። ለአነስተኛ ባንድ 12 የሚክሰር መስመር ይበቃል፦ ለድራም 4፣ ለቤዝ 1፣ ለኪቦርድ 2፣ ለሳክስፎን 1፣ ለድምፃውያን 2፣ ለዲጄው 2። ምሽቱን የሚከፍተው ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራ) የሚያደርገው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያስተካከለውን ማንም ሳይነካበት ይጀምራል። ዲጄው ሲጫወት የመድረኩ ማይኮች በሙሉ ይዘጉ። ክፍት ከተተዉ የስፒከሩን ድምፅ መልሰው እየለቀሙ ሙዚቃውን ያደፈርሱታል።

ኪቦርድና ላፕቶፕ በዲአይ ቦክስ፣ ማለትም የመሣሪያውን ድምፅ ለሚክሰሩ በሚመች መልክ በሚያስገባ ትንሽ ሳጥን፣ ይግቡ። የማያቋርጥ እምምታ ከተሰማ ብዙውን ጊዜ ጣጣው ከግራውንድ (ከመሬት መስመር ግንኙነት) ነው፤ ዲአይ ቦክሱ ላይ ያለውን የግራውንድ ማቋረጫ ተጫኑ፣ የመድረኩንም ዕቃ ከአንድ የኤሌክትሪክ መስመር አገናኙ። የሶኬቱን የመሬት ሽቦ ግን በፍጹም አትቁረጡ። ማይኩን በከንፈሩ የሚነካው ዘፋኝ በኤሌክትሪክ ሊመታ ይችላል።

ዲጄው ሸክላ የሚያጫውት ከሆነ መርፌውን በቆመ ሸክላ ላይ አሳርፉ፣ ድምፁን ምሽት ላይ ወደሚደርስበት ከፍታ አምጡትና ጠረጴዛውን በጣት መታ አድርጉት። ጉምታው ወዲያው ከጠፋ ደህና ነው። እያደገ ከሄደ የሰብዉፈሩ (የወፍራም ድምፅ ስፒከሩ) ንዝረት በመርፌው ተመልሶ እየገባ ነውና ማጫወቻውን ከሥሩ ስፖንጅ በተነጠፈለት ከባድ የድንጋይ ጠፍጣፋ ላይ አስቀምጡት፣ ሰብዉፈሩንም አርቁ።

ርክክቡ የሚጀምረው ከፍጥነት ነው። የባንዱ የመጀመሪያ ዘፈን በደቂቃ ስንት ምት እንደሚሄድ ድራመሩን ጠይቁት። 118 ከሆነና ዲጄው 124 ላይ ካለ፣ በሦስት ዘፈን ሁለት ሁለት እየቀነሰ ይውረድ፤ ስድስቱን ባንዴ መጣል የጨፋሪውን እግር ያደናቅፋል። የሸክላ ፍጥነት በ6 በመቶ ገደማ ሲቀየር ቅኝቱም በግማሽ ቶን ይቀየራል፤ ያኔ ኪቦርዱ ከሙዚቃው ጋር ይጋጫል። በዲጂታል ማጫወቻ ኪ ሎክን፣ ማለትም ፍጥነት ሲቀየር ቅኝቱን ባለበት የሚይዘውን ቁልፍ፣ ማብራት ይህን ይፈታል።

ለመጨረሻው ዘፈን ዲጄው ድምፃዊ የሌለበት 16 ባር (አንዱ ባር 4 ምት ነው) ያዘጋጅ፤ በ118 ፍጥነት 32 ሰከንድ ገደማ ነው። መጀመሪያ ኪቦርዱ ኮርድ ይዞ ይግባ። 8 ባር ሲሞላ ዲጄው የቤዝ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ይዝጋ፤ ቤዝ ጊታሩም በዚያው ምት ይግባ። ሁለት ቤዝ ለ4 ባር እንኳ አብሮ ከሄደ ድምፁ ጭቃ ይሆናል። ከዚያ ድራሙ በሃይ ሃት (በጥንድ ሳህኖቹ) ጀምሮ ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ) ይጨምር፣ ዲጄው ፌደሩን (የድምፅ መቀነሻ ተንሸራታቹን) ቀስ እያለ ያውርድ።

ድራመሩ ዲጄውን የግድ በጆሮ ማዳመጫ ይስማ። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ 6 ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ ነጥሮ የሚመለሰው 35 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሰዋል። እሱን ከተከተለ ከቢቱ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ ልምድም አያድነውም።

የድምፁን ከፍታ በባንዱ ለኩ፣ ዲጄውን ከሱ ጋር አስተካክሉ። የዲጄው ሚክሰር ቀይ መብራት ላይ ከደረሰ ድምፁ ተሰነጣጥቋል፤ የድምፅ ባለሙያው ዝቅ ቢያደርገውም አይድንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የ15 ደቂቃ አማካይ የድምፅ ከፍታ ከ100 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም።

ከባንድ ወደ ዲጄ ሲመለስ ግን ቢት ለማጋጠም አትሞክሩ። ያለ ክሊክ (ምት ጠባቂ ድምፅ በጆሮው ሳይሰማ) የሚመታ ድራመር ፍጥነቱ በየጊዜው ትንሽ ይሸሻል፣ የዲጄው ሲንክም (ፍጥነት ማጋጠሚያውም) አይይዘውም። ኪቦርዱ የመጨረሻውን ኮርድ ይያዝ፤ ዲጄው ምት በሌለው መግቢያ በሥሩ ይግባና ጭብጨባው ሳይበርድ ቢቱን ይልቀቅ።