ሰንጠረዥ ላይ የቼዝ እጅ የሚያመጣቸው ስህተቶች

ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ፈልጎ የሚቀመጥ ሰው ዳማ የሚጫወቱ ልጆች አያጣም። እኛ ደግሞ ከእነሱ ትንሽ ፈቀቅ ብለን ለሰንጠረዥ፣ ለጥንቱ የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ቀይ ጨርቅ እንዘረጋለን። ስምንት በስምንት የተሰመረ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም። ጠጠሮቹ በማርከር የተጻፈባቸው ቆርኪዎች ናቸው፦ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደር፣ መደቅ። ስልኩ ላይ ቼዝ የሚጫወት ወጣት ያልፍና «ይሄማ ቼዝ ነው» ብሎ ይቀመጣል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ተሸንፎ ይነሳል።

የሚሸነፈው ጨዋታ ስለማያውቅ አይደለም። እጁ ቀድሞት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ገና ሲደረደር ይሠራል። ቼዝ የለመደ ሰው ሁለቱን ንጉሦች ፊት ለፊት ያቆማል። በሰንጠረዥ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች ንጉሡን የሚያቆመው ከመሃል መስመሩ በራሱ ቀኝ በኩል፣ ፈርዙን ደግሞ ከንጉሡ ግራ ነው። ስለዚህ የእኔ ንጉሥ የሚያፈጠው በአንተ ፈርዝ ላይ ነው። «ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። ያመጣል። ፈርዝ በሰያፍ ብቻ ስለሚሄድ ዕድሜ ልኩን ከአንድ ቀለም ቤት አይወጣም፤ ጨርቁ ቀለም ስለሌለው አይታየንም እንጂ። በትክክል ከተደረደረ ሁለቱ ፈርዞች በአንድ ዓይነት ቤት ላይ ይዞራሉ፣ ይበላላሉም። እንደ ቼዝ ከደረደርከው ግን እስከ መጨረሻው አይገናኙም።

ፈርዝን ንግሥት አድርጎ ማሰብ ሁለተኛው ነው፤ ከሁሉም የበዛ ሰው የሚወድቅበት። ባለፈው አንድ የባጃጅ ሹፌር ምሳውን በልቶ ተቀላቀለንና ፈርዙን ከጥግ እስከ ጥግ ሊያበርረው ሲል፣ ከእኛ ጋር የሚውሉት ጡረተኛ መምህር እጁን ያዙት።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ንግሥቷ አይደለችም እንዴ ጋሼ?»

«ንግሥት እዚህ የለችም። ይሄ አንድ እርምጃ ሄዶ የሚደክመው አማካሪ ነው።»

ቀልድ ቢመስልም እውነት ነው። ፈርዝ በፋርሱ ጨዋታ የንጉሥ አማካሪ ነበር፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። አውሮፓውያን ንግሥት ብለው እንዳሻት እንድትሄድ ያደረጓት በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ያ ለውጥ ወደ እኛ ጨዋታ አልገባም። በሰንጠረዥ ትልቁ ጉልበት ደር ነው፣ እንደ ቼዙ ግንብ ቀጥ ብሎ እስከፈለገው ድረስ ይሄዳል። ቀጥሎ ፈረስ አለ፣ እሱ እንደምታውቁት ነው። እኔ ራሴ ስጀምር ፈርዜን ላተርፍ ብዬ ደሬን የሰጠሁበትን ቀን አልረሳውም። ተጋጣሚዬ ደሩን ከበላ በኋላ ለደቂቃ ያህል ዝም ብሎ አየኝ፤ የተደበቀ ተንኮል ያለ መስሎት ነው።

ፊል ላይ ደግሞ ስህተቱ ሁለት መልክ አለው። ፊል የሚቆመው የቼዙ ጳጳስ በሚቆምበት ቤት ነው፤ አካሄዱ ግን ሌላ ነው። በሰያፍ ልክ ሁለተኛው ቤት ላይ ይዘላል፣ አይበልጥም፣ አያንስም። በመካከል ጠጠር ቢኖርም ዘሎት ያልፋል፣ የዘለለውን አይበላም። እንደ ጳጳስ ሊያስረዝመው የሚሞክረውን ወዲያው እናርመዋለን። ሁለተኛው ስህተት ግን ቆይቶም አይለቅም፦ አጠገቡ ያለውን ቤት መፍራት። ፊል በሰያፍ የተጠጋውን ጠጠር ምንም ሊያደርገው አይችልም።

ይህንን ለማመን አንድ ፊል ብቻውን አስቀምጡና በሚደርስበት ቤት ሁሉ አንዳንድ ሽምብራ ጣሉ። ከ64ቱ ቤት ሽምብራ የሚያገኙት ስምንት ብቻ ናቸው። ከዚያ ሌሎቹን ሦስት ፊሎችም እንዲሁ አድርጉ። አራቱም የየራሳቸው ስምንት ቤት አላቸው፣ አንዱ ከሌላው ጋር አይነካካም። እንግዲህ ፊል ፊልን መቼም አይበላም ማለት ነው፤ ሠላሳ ሁለት ቤቶች ደግሞ የማንም ፊል እግር አይረግጣቸውም። ንጉሣችሁ ሲጨንቀው ከእነዚህ በአንዱ ላይ ቢቆም ቢያንስ የፊል ስጋት የለበትም። ሽምብራውን ያየ ሰው ጨዋታው በአንድ ሳምንት ይለወጣል።

የመደቅን፣ የቼዙን ወታደር፣ ነገር በአጭሩ ልለፈው። መደቅ ከመነሻውም ቢሆን አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው፤ ሁለት መዝለል የለም። ወደፊት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ በሰያፍ ይበላል። መጨረሻው መስመር ሲደርስ ፈርዝ ይሆናል፣ ይኸው ነው። ንግሥት ላወጣ ነው ብሎ መደቅ ሲገፋ የዋለ ሰው የሚያገኘው ያንኑ አንድ እርምጃ የሚሄድ አማካሪ ነው። ንጉሥና ደር ቦታ የሚለዋወጡበት ደንብም የለም።

አሁን ወደ ወረራው፣ ማለትም ወደ ጨዋታው መክፈቻ። ቼዝ ተጫዋች እዚህ ላይ ግራ ይጋባል፤ ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለምና። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ የሚችለውን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳል። የመጀመሪያው መብላት ሲፈጸም ወረራው ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ ነው በተራ በተራ የሚሆነው። ተራውን እየጠበቀ እጁን አጣምሮ የሚቀመጥ እንግዳ ቀና ሲል የባላንጣው ሠራዊት ተሰልፎ ያገኘዋል።

በተቃራኒው መጣደፍም አለ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደንቡን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ «ጀምሩ» ሲባል ግራ ፈረሱን ሦስት ጊዜ አስፈንጥሮ ከባላንጣው ንጉሥ አጠገብ፣ ከፊሉ ፊት የቆመውን መደቅ በላ። ተጨበጨበለት። ግን እሱ በበላበት ቅጽበት ወረራው አለቀ፣ ተራውም የሌላው ሆነ። ንጉሡ ራሱ በሰያፍ አንድ ተራምዶ ፈረሱን በላው። ፈረስ በመደቅ መለወጡ አንሶ፣ የእሱ ሠራዊት ከመነሻው ንቅንቅ አላለም ነበር። በወረራ ጊዜ ዓይን ከራስ ጠጠር ይልቅ በሌላው እጅ ላይ ነው መዋል ያለበት። ፊሎችን መጀመሪያ ማውጣት ይቀላል፣ መደቁን ዘለው ስለሚወጡ በር አያስከፍቱም።

እኔን ከሁሉም የሚያስቀኝ የመጨረሻው ነው። ቼዝ ላይ የባላንጣህን ጠጠር አንድ በአንድ ለቅመህ ንጉሡን ብቻውን ካስቀረኸው አሸነፍክ ማለት ነው፤ የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። በሰንጠረዥ ራቁቱን የቀረ ንጉሥ ማት አይባልም፣ ማለትም መውጫ አሳጥተኸው አታሸንፍም። ጨዋታው አቻ ነው። ስስት እንዲህ ያስከፍላል፦ ሁለት ደር፣ አንድ ፈረስና ሦስት መደቅ ይዤ፣ የመጨረሻውን ፊል በደስታ በልቼ፣ ተጋጣሚዬ ፈገግ ብሎ ቆርኪዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። «አቻ ነን፣ ሻይ ያዘዝከው አንተ ነህ።»

ከመደቅ ሌላ አንድ ጠጠር ብቻ የቀረው ሰው ላይ ደግሞ ቆጠራ አለ። ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ማት ካላደረግኸው አመለጠህ። ስለዚህ የባላንጣህ ጠጠር ሁለትና ሦስት ሲቀር መብላቱን ትተህ ማቱን አዘጋጅ፤ ብትችል ለሚበላ ጠጠር ዓይንህን ጨፍን።

ማቱም ደረጃ አለው። እንግሊዛዊው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አገራችን ሳለ ጨዋታውን አይቶ ጽፎታል፣ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጥናት እንዲህ ያሉ የጥንት ምስክርነቶችን ሰብስበውታል። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ብዙም አያስመሰግንም። በፈርዝና በፊል ሲሆን ክብሩ ይጨምራል፣ በመደቅ ከሆነማ ለብቻው ነው። ደር አስጠግቶ ቶሎ የሚጨርስ ሰው አሸንፏል፣ ግን ከተመልካቹ «እህ» ከማለት በቀር ድምፅ አይሰማም።

ሰባቱን ቆጠራ ለተጫዋቾቹ አትተዉት፤ አንዱ አምስት ሲል ሌላው ስድስት ይላል፣ ጨርቁም ይገለበጣል። እኛ ዘንድ የሚቆጥረው አጠገባችን ጫማ የሚጠርገው ሊስትሮ ነው። ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ቡሩሹን ግን ከእጁ አያስቀምጥም።