የሰፈርን ጸጥታ ለማስከበር ስንነሣ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ በርካታ ሰፈሮች ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ የሌሊት ጥበቃ ይቀጥራል፣ በጨለማ መንገዶች ላይ አምፖል ያስተክላል፣ ከማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ጋርም ይሰበሰባል። ይህ ድካም ብዙ ጊዜ ፍሬ የሚያጣው ወንጀል ከተፈጸመ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት በምንሠራቸው ስህተቶች ነው።

ከሁሉም የከፋው የተያዘን ተጠርጣሪ በደቦ መደብደብ ነው። «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ድርጊቱን በዓይኑ ያላየ መንገደኛ ሳይቀር ድንጋይ ያነሣል፤ የተያዘው ልጅ ሞባይሉን የመነተፈው ይሁን ወይስ ታክሲ ለመድረስ ሲሮጥ የነበረ ሌላ ሰው፣ ቆም ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ደብዳቢዎቹም በአካል ጉዳት፣ ሲከፋም በግድያ ይጠየቃሉ። ከዚህም በላይ ራሱን እስኪስት የተደበደበ ሰው ዕቃው ለማን እንደተሸጠም ሆነ ግብረ አበሮቹ እነማን እንደሆኑ መናገር አይችልም። ተገቢው ነገር ሰውየውን ሳይጎዱ ይዞ 991 መደወል ወይም በቅርብ ላለው ፖሊስ ማስረከብ፣ ድርጊቱን ያዩትንም ሰዎች ስምና ስልክ መመዝገብ ነው።

ሌባውን ለመያዝ የሮጠው ሕዝብ ለምስክርነት ሲፈለግ መጥፋቱ ሌላው ስህተት ነው። ፖሊስ ተጠርጣሪውን በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ ስላለበት፣ «ነገ እመጣለሁ» እያለ ቃሉን የሚያዘገይ ምስክር መዝገቡን ባዶ ያስቀረዋል። ምስክርነት ሸሽቶ «ፖሊስ ሌባ ይለቃል» ብሎ ማማረር ደግሞ ፍትሐዊ አይደለም።

«ምን ሊያመጡ ነው» ብሎ ለፖሊስ ጭራሹን አለማመልከትም ሰፈሩን በወረቀት ላይ ሰላማዊ ያስመስለዋል፤ ቅኝቱም አቤቱታ ወደሚበዛበት ይሄዳል። ስልክ ከመጥፋቱ በፊት *#06# ተጭኖ የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር ጽፎ ማስቀመጥ አቤቱታውን ክብደት ይሰጠዋል። ቤቱ የተሰበረበት ሰውም ፖሊስ ሳይደርስ የተቆረጠውን ጓጉንቸር ቁልፍ ማንሣት፣ የተበታተነውን ልብስ ማጣጠፍ፣ ወለሉን መጥረግ የለበትም፤ አሻራው የሚጠፋው በዚህ ነው።

ጥበቃን ያለ ተያዥ መቅጠር ስህተት መሆኑን ብዙዎች ያውቁታል። ሳይታረም የቀረውና እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አስገድዶ መድፈርንና ከባድ ድብደባን በሽምግልና መዝጋት ነው። ካሣ ከፍሎ በዚያው ሰፈር የሚመላለስ ጥቃት አድራሽ ተጎጂዋን ከቤቷ እንዳትወጣ ያደርጋታል፤ ሽማግሌዎቻችን የጎረቤት ጠብ ያብርዱ እንጂ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ለሕግ ይተዉት።

በመጨረሻም ስፖኪዮው የተነቀለበት ሰው በማግስቱ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ስፖኪዮ በርካሽ ከገዛ፣ የሚቀጥለውን ስርቆት እየከፈለበት ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛትም ራሱን የቻለ ወንጀል ስለሆነ፣ ደረሰኝ ከማይሰጥ ሻጭ አለመግዛትን ዕድሮቻችን በስብሰባቸው አጀንዳ ውስጥ ቢያስገቡት መልካም ነው።