ቲቢን በኦግመንቲን? መድኃኒት ስለተላመደ ቲቢ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን፣ የምሠራበት መድኃኒት ቤት አንዲት ልጅ ስልኳን ዘርግታ መጣች። «ጋሼ፣ ኦግመንቲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ውስጥ ያለው ነገር የቲቢን ኢንዛይም ያግዳል ይላል። ለአባቴ ይስጡኝ።» አባቷ ከመንዝ ነው የመጡት። ማሳል ከጀመሩ ወር አልፏቸዋል።

ያነበበችው ውሸት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ።

አንደኛው ስህተት አጋዡን ገዳይ ማድረግ ነው። ጠላ የጠመቀ ሰው ኢንዛይምን በስም ባያውቀው በሥራው ያውቀዋል። አሻሮው ይቆላል፣ ብቅሉ ግን አይቆላም። ለምን? የገብሱን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይረው ኢንዛይም ብቅሉ ውስጥ ነው፤ እሳት ይገድለዋል። የቲቢ ባክቴሪያም የራሱ ኢንዛይሞች አሉት። አንዱ ቤታ-ላክታሜዝ ነው፤ ፔኒሲሊንንና ዘመዶቹን እንደ መቀስ ይቆርጣል። ኦግመንቲን ውስጥ ከአሞክሳሲሊን ጋር ያለው ክላቩላኒክ አሲድ መቀሱ አፍ ውስጥ ገብቶ ይሰነቀራል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። መግደል የሌላው መድኃኒት ድርሻ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ሜሮፔኔም የተባለውን መርፌ ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር አጣምረው፣ ብዙ መድኃኒት የተላመዱ፣ ማለትም መድኃኒቶቹ የማይገድሏቸው፣ የቲቢ ባክቴሪያዎችን ላቦራቶሪ ውስጥ ገድለዋል። ጥምረቱ ዛሬም አማራጭ ላለቀበት ሕመምተኛ፣ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር፣ በሐኪም ክትትል የሚሰጥ ነው። ከእኔ መደርደሪያ ወርዶ በፌስታል የሚሄድ አይደለም።

ሁለተኛው፣ መላመድ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ። ሪፋምፒሲን በተባለው የቲቢ መድኃኒት ላይ የመቀስ ነገር የለም፤ ባክቴሪያው በአብዛኛው መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ቦታ ቅርጽ ይቀይራል። ቁልፉ ያው፣ የቁልፍ ጋኑ ሌላ። ሌላው የቲቢ መድኃኒት፣ አይሶናያዚድ፣ ደግሞ ጉደኛ ነው። ሥራ የሚጀምረው የባክቴሪያው የራሱ ኢንዛይም ሲቀሰቅሰው ነው። ያ ኢንዛይም ከተበላሸ መድኃኒቱ እንደተኛ ይቀራል። ይህን ኢንዛይም ማገድማ ባክቴሪያውን ማገዝ ነው! ተማሪ ሳለሁ ይህን ስሰማ ሳቄ መጥቶ ነበር።

«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» የሚባለውንም በየቀኑ እሰማለሁ። የሚላመደው ባክቴሪያው ነው። ስለዚህ የቲቢ ክኒን በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰውም የተላመደውን ቲቢ ከሌላ ሰው ሳል ሊይዘው ይችላል።

ሲሻል ማቆምን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን ይደጋገማል። መደበኛው ሕክምና 6 ወር ነው፣ ሳሉ ቀድሞ ቢጠፋም።

የሚያናድደኝ ግን ሳይመረመሩ ሲፕሮ የተባለውን አንቲባዮቲክ መዋጥ ነው። ቲቢውን ለጊዜው ያዳክመውና ምርመራውን ያዘገያል። ያን ጊዜ ሁሉ ቤተሰቡ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ይተነፍሳል። በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ መስኮት የሚከፍት የለም።

ልጅቷን ኦግመንቲኑን ከለከልኳት። አባባን ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ቲቢ መኖሩንና ሪፋምፒሲንን መላመዱን በ2 ሰዓት ገደማ ይለያል፤ የሚፈልገው አክታ ብቻ ነው። አባባ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ልጃቸውን አዩዋት። «ይኼን ለመትፋት ነው ከመንዝ ያመጣሽኝ?» አሏት።