የአንዲት ጎጥ መልክዓ ምድርና ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

ማኅተም ያለው ቀበሌ ነው። ግብሩም፣ ቆጠራውም፣ ደብዳቤውም በቀበሌ ስም ስለሚሄድ፣ በሥሩ ያለች ሠላሳ አርባ ጭስ (ቤተሰብ) ያላት ጎጥ በመዝገብ ውስጥ ብዙ ጊዜ አትገኝም። ሥራውን ከመሬቱ መጀመር ይሻላል።

መጀመሪያ 1፡50,000 ካርታ ያዙ፤ በእሱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቀድሞዎቹ ካርታዎች የተነሡት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ሲሆን፣ ስልካችሁ የሚያነበው በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ሁለቱን ሳታስማሙ ያሰፈራችሁት ምንጭ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል፤ ገደላማ አገር ላይ ደግሞ ይህ ከወንዝ ማዶ ሊያደርሰው ይችላል። ካርታውም መሬቱም ላይ በግልጽ የሚታይ ነገር፣ ለምሳሌ የቤተ ክርስቲያኑን ቦታ፣ በካርታውም በስልኩም አንብባችሁ ልዩነቱን ካገኛችሁ ሌላውን ሁሉ በዚያው ታርማላችሁ። የስልክ ከፍታ አይታመንም፤ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ በሦስት የተለያዩ ቀናት ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ገደማ ወይና ደጋ ይባላል፣ ከዚያ በላይ እስከ 3200 ደጋ። የሚዘራውንም እዩ፤ ገብስ በብዛት የሚዘራበትን መሬት ቆላ ብሎ የጻፈ ሰው ቁጥሩን ደግሞ ይመርምር።

ምንጩን በ20 ሊትር ጀሪካን ለኩ። በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ማለት ነው። በመስከረም ብቻ የተለካ ምንጭ አንባቢን ያሳስታል፤ ሚያዝያ ላይ ተመለሱ።

ወሰኑን ከጎጧ አንድ፣ ከአጎራባቹ አንድ ሽማግሌ ይዛችሁ በእግር ዙሩት። ሁለቱ ያልተስማሙበትን ቦታ ሳትፈርዱ «አከራካሪ» ብላችሁ ጻፉ።

ታሪኩ የሚከብደው ዘመን ላይ ነው። «በጃንሆይ ጊዜ» የሚል መልስ ከ40 ዓመት በላይ ያቅፋል፤ ዓመት አያወጣም። ስለዚህ ዓመት አትጠይቁ፤ «አባቴ፣ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ጎጆ ወጥተው ነበር?» በሉ። ማኅበሩ የመጣበት የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ነውና፣ «ኧረ ገና እረኛ ነበርኩ» ካሉ የልደታቸው ዘመን በግምት ተገኘ። ሌሎቹ መያዣዎች የኅዳር በሽታ (1911)፣ ጣሊያን የገባበትና የወጣበት (1928 እና 1933)፣ የ1977 ድርቅ፣ በአማራ ክልል ደግሞ የ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ናቸው። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትመልሱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ጨምሩ።

ኋላ ቀበሌ የተባለው የገበሬ ማኅበር የተዋቀረው በ20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር መነሻ ስለነበር ብዙ ጎጦች በአንድ ስም ተጠቃለዋል። የቀበሌውን ስም የጎጧ ጥንታዊ ስም አድርጎ መጻፍ ከዚህ የሚመጣ ስሕተት ነው። ከ1978 ጀምሮ በመንደር ምሥረታ ቤታቸው የተነሣባቸውም አሉ፤ የቁልቋል አጥር፣ የፈረሰ ካብና አመድ የበላው ጥቁር አፈር ካያችሁ ማን ይኖርበት እንደነበር ጠይቁ።

ለቦታ ስም የሚነገረውን ትርጉም ሁሉ መዝግቡ እንጂ አንዱን አትምረጡ። በወሎና በሸዋ ጨፋ፣ መልካ፣ ቡርቃ የሚሉት ስሞች ከኦሮምኛ የመጡ ናቸው፤ ረግረጋማ መስክን፣ መሻገሪያን፣ ምንጭን ያመለክታሉ። በአማርኛ ብቻ ልፍታ ማለት ጥሩውን ማስረጃ ማበላሸት ነው።

ከጽሑፍ ማስረጃዎች መካከል ቀዳሚው የደብሩ ወንጌል ነው፤ የርስትና የጉልት ውል በኅዳጉና በባዶ ቅጠሎቹ ላይ ይጻፍ ነበር። አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ፣ ንባቡን ለመሪጌታ ተዉ። ታቦቱ የገባበት ዓመት ግን ሰው የሰፈረበት ዓመት አይደለም፤ ሰው ቀድሞ ሊሰፍር፣ ታቦትም ከሌላ አገር ሊመጣ ይችላል። በሙስሊም ጎጥ መስጊዱንና የመቃብሩን ቦታ ያዙ። አረንጓዴው የይዞታ ደብተርም የአዋሳኞችን ስም ስለሚይዝ ባለቤቱ ከፈቀደ ይጠቅማል።

የትውልድ ቆጠራ ላይ ረጋ በሉ። አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ይገመታል፤ ነገር ግን ልጅ ያላፈሩት ከቆጠራው ስለሚወድቁ፣ ዝነኛው አቅኚ አባትም ከስምንተኛው ወደ አምስተኛው ሊቀርብ ስለሚችል፣ ከሁለት የተለያዩ ቤተሰቦች ሰምታችሁ አስተያዩ። ማን አቅኚ፣ ማን መጤ እንደሆነ የሚነገረውን «እገሌ እንዳሉት» ብላችሁ እንጂ በራሳችሁ ቃል አታጽኑት፤ ይህ ነገር ዛሬም ፍርድ ቤት ያደርሳል።

ረቂቁን በሰንበቴ ወይም በዕድር ቀን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ የሚታረመውን ከተናጋሪው ስምና ከቀኑ ጋር እዚያው ኅዳጉ ላይ ጻፉ።