የቄጠማ ቅርጫት አሰፋፍ፣ እንደ ንጋሪንጄሪ ሴቶች

ሰፌድ ሲሰፋ እያያችሁ ካደጋችሁ ግማሹን ታውቁታላችሁ። በደቡብ አውስትራሊያ የሚኖሩት የንጋሪንጄሪ ሴቶችም ሳሩን አይሸምኑትም፣ ይሰፉታል።

የንጋሪንጄሪ ሠዓሊዋ ኢቮን ኩልማትሪ ይህን ስፌት የተማሩት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ያስተማሯቸው ሙያው በእጃቸው ከቀረ ጥቂት ሴቶች አንዷ የነበሩት ዶሮቲ ካርቲንየሪ ናቸው። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ ኢቮን ከሌሎች ሁለት የአቦሪጅናል (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች) ሴት ሠዓሊዎች ጋር ጣልያን ውስጥ በሚካሄደው ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ በቬኒስ ቢዬናሌ፣ አውስትራሊያን ወከሉ፤ ይዘው የቀረቡት ከሣር የሰፉትን የዓሣ ማጥመጃ ነበር። በ2016 ደግሞ ሬድ ኦከር የተባለውን ትልቅ ሽልማት አገኙ። እኔን ከሽልማቱ በላይ የሚገርመኝ ሊጠፋ አንድ ሐሙስ የቀረውን ሙያ ተቀብለው ለሌሎች ማስተማራቸው ነው።

በሉ እንጀምር። ሳሩ ከእኛ ቄጠማ ጋር ዘመድ ነው፣ እዚያው አውስትራሊያ ውስጥ በመሬይ ወንዝና ኩሮንግ በተባለው የባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ይበቅላል። ረጅም ረጅሙን እየመረጣችሁ አንድ በአንድ ንቀሉ፣ አታጭዱት፣ ቦታውን ባዶ ካደረጋችሁት ለከርሞ የምትሰፉት አይኖርም። ዘርግታችሁ አድርቁት። ልትሰፉ ስትሉ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሉት። ጣታችሁ ላይ ስትጠመጥሙት ካልተሰነጠቀ ደርሷል።

አሁን እርሳስ የሚያህል ነዶ ያዙ። አንዷን ዘለላ ዓይኑ ሰፊ በሆነ መርፌ ላይ ሰክታችሁ የነዶውን ጫፍ እንደ ቁልፍ ትንሽ ክብ አድርጋችሁ እጠፉትና በዘለላዋ እየዞራችሁ ስፉት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ መሀሉ ከላላ ቅርጫቱ እስከ መጨረሻው ይላላል። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ መርፌው ከታች ባለው ዙር ስፌት ቀለበት ውስጥ ያልፋል፣ ነዶውን ያቅፋል፣ ከዚያ ጠበቅ ታደርጉታላችሁ። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ነዶው ሲቀጥን አዲስ ዘለላ መሀል መሀሉ ላይ ሰካ አድርጉ፣ ሁሉንም ባንዴ ከጨመራችሁ ያብጣል። ነዶውን በጎን ካስኬዳችሁት እንደ ሰፌድ ይሰፋል፣ በላይ ከደረባችሁት ግድግዳው ይቆማል።

ልትሸጡት ካሰባችሁ ግን የአቦሪጅናል ሥራ ነው አትበሉ። ያ ስም የባለቤቶቹ ነው።

ሁለተኛውን ቅርጫት ስትጀምሩ አንዲት ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ከባዱን መሀሉን እናንተ ስፉላትና ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ መርፌውን ለእሷ ስጧት።