የሽያጭ ፈነልን ከታች ወደ ላይ መሥራት

አነስተኛ ንግድ ያላቸው ሰዎች ለምክር ሲጠሩኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ማስታወቂያ የት ላስነግር?» የሚል ነው። እኔ ግን አስቀድሜ በስልካቸው ላይ ያሉትን መልስ ያላገኙ መልእክቶች እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ። የሚፈልጉት ገቢ ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

የሽያጭ ፈነል የሚባለው የማያውቅዎ ሰው ከፋይ ደንበኛ እስኪሆን የሚያልፍበት መንገድ ነው፦ ያያል፣ ይፈልጋል፣ ይጠይቃል፣ ይከፍላል። በየደረጃው የሰዉ ቁጥር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ላዩ ሰፊ፣ ክፍያው ያለበት ታችኛው ጫፍ ጠባብ ነው።

እስቲ እናስላው። ማስታወቂያዎን 1,000 ሰዎች አይተው 50 ጠየቁ፣ 5 ገዙ እንበል። የማስታወቂያ ወጪዎን እጥፍ ቢያደርጉና ሁሉም በዚያው ልክ ቢያድግ 10 ገዢ ያገኛሉ። ከ50ዎቹ ጠያቂዎች 10ሩ እንዲገዙ ማድረግ ቢችሉም ያው 10 ገዢ ነው፤ ለማስታወቂያ ግን ምንም አልጨመሩም። ስለዚህ ሥራውን ከክፍያው አጠገብ ይጀምሩ።

ንግድዎን የማያውቅ ሰው ከፊትዎ ተቀምጦ እንዲገዛ ይጠይቁት። አይርዱት፤ ዝም ብለው የት ላይ እንደቆመ ይመልከቱ። ዋጋ ፈልጎ አጣ? እንዴት እንደሚከፍል ግራ ገባው? «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚለውን ጽሑፍ ዛሬውኑ ያንሱት። ብዙ ሰው ዋጋ መጠየቅ ያሳፍረዋል፤ ሳይጠይቅ ወደ ሌላ ይሄዳል። ዋጋዎ እንደ ሥራው የሚለያይ ከሆነ መነሻውን ይጻፉ።

ቀጥሎ ጠይቀው ወደ ጠፉት ሰዎች ይመለሱ። እኔ ከሁሉም በላይ የምደክምበት ቦታ ይህ ነው፤ ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች ፍላጎታቸውን ራሳቸው ነግረውዎታል። «ወሰኑ ወይ?» ብሎ መጻፍ ግን መጨቅጨቅ ነው። የጽሕፈት ጠረጴዛ ለጠየቀ ሰው «የክፍልዎን ልኬት ቢልኩልኝ የትኛው እንደሚስማማ ልነግርዎ እችላለሁ» ብለው ይጻፉለት። ሰውየው ባይገዛም እንኳ መልእክቱ የሚጠቅመው ይሁን። ሁለት ጊዜ ጽፈው መልስ ካላገኙ ይተዉት። አትጻፉልኝ ያለን ሰው ደግሞ ወዲያውኑ ከዝርዝርዎ ያውጡት።

ገና የማያምንዎት ሰው ትልቅ ክፍያ እንዲፈጽም አይጠበቅም። ትንሽ መነሻ ይስጡት፦ ናሙና፣ አጭር የነጻ ምክር፣ ወይም በቀላል ዋጋ የሚሞከር አነስተኛ ሥራ። ከዋናው ሥራዎ ጋር የማይገናኝ ሽልማት ማደል ግን የሚሰበስብልዎ ሽልማት ፈላጊዎችን ነው።

ማስታወቂያ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እያንዳንዱን ገዢ ስለ እርስዎ ከየት እንደሰማ ጠይቀው ይመዝግቡ። የማስታወቂያውን ወጪ በእርሱ በኩል በመጡት ገዢዎች ቁጥር ያካፍሉት። ውጤቱ ከአንድ ደንበኛ ከሚያገኙት ትርፍ ከበለጠ ማስታወቂያው እያከሰረዎት ነው። ደንበኛው ተመላልሶ የሚገዛ ከሆነ ግን የኋለኛውንም ትርፍ አብረው ያስሉ፤ የመጀመሪያው ሽያጭ ብቻውን ያሳስታል።

በአንድ ጊዜ የሚለውጡት አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ዋጋውን፣ ፎቶውንና መልእክቱን አንድ ላይ ከለወጡ የትኛው እንደሠራ አያውቁም። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆንም አይቸኩሉ፤ ገዢዎችዎ ከ5 ወደ 7 ቢያድጉ የአጋጣሚ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ እየተደጋገመ እስኪታይ ድረስ መዝገቡን ይቀጥሉ።