ካርታውን ይዛችሁ ከክፍል ውጡ
ጂኦግራፊ ለምትማሩ ሁሉ፦ 1፡50,000 ካርታ ይዛችሁ ከቸርችል ጎዳና አናት፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ቁሙ። በካርታው ላይ ያለው ጎዳና ከፊታችሁ ካለው ጋር እስኪገጥም ወረቀቱን አዙሩት፤ ለገሃር በስተደቡብ፣ ቁልቁል ነው። በዚህ ካርታ 1 ሴንቲሜትር 500 ሜትር ማለት ነው፤ ለጠመዝማዛ መንገድ ግን ማስመሪያውን ትታችሁ ክር ተጠቀሙ።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው በኮንቱር መስመር፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያገናኘው መስመር ላይ ነው። መስመሮቹ ወንዝ ሲያቋርጡ እንደ ቀስት ጫፍ ይሾላሉ። ጫፉ የሚያመለክተው ውኃው የሚመጣበትን እንጂ የሚሄድበትን አይደለም! የቀበናን ወንዝ በካርታው ላይ ፈልጉት፤ ሹሉ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ነው። ጫፉ ወደ ዝቅተኛው መሬት ከሾለ ግን የምታዩት ሸለቆ ሳይሆን ተረተር ነው።